«ይሄ ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ ነው»

ያኔ ጅማ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የማታ የሙዚቃ ፕሮግራም ነበረኝ። የዚያን ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ነው ያመሸው።

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሬዲዮሄድ ጊታሪስት የሆነውን የጆኒ ግሪንውድን ሥራ ይዤ ገባሁ። ሮክ አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኮንሰርት ኦርኬስትራው ጋር የሚሠራ አቀናባሪ አድርጎ ወሰደው፤ በ2005 «ፖፕኮርን ሱፐርሄት ሪሲቨር» ተሰማ። ሱፐርሄት የሬዲዮ መቀበያ ዓይነት ነው። ጊታር የለም፣ ድራም የለም። 34 የባለአውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ብቻ። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ፣ ከጎኑ ካለው በትንሹ ተለይቶ ይስባል። መንገዱን ያገኘው ከፖላንዳዊው አቀናባሪ ከፔንደሬትስኪ ነው፤ እሱ ለሂሮሺማ ሰለባዎች የጻፈው ሙሾ 52 ባለአውታር መሣሪያ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአድማጭ አልነገርኩም። ርዕሱን ብቻ ጠርቼ ለቀቅኩት። ጥፋቴ ይሄ ነው።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሻኑ ብድግ አሉ። ገመድ ነቅለው ሰኩ። ሚክሰሩን ነካኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርገው ክራር ተኩበት።

ሮጬ ገባሁ። «ጋሼ፣ ምነው?»

«መስመሩ ተበላሽቷል፤ አትሰማም እንዴ?»

«ሙዚቃ ነው እኮ!»

«ይሄ?» ማዳመጫውን ከአንገታቸው አውልቀው ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ መርካቶ ቁጭ ብዬ 30 ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ይሄ ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ ነው።»

መልስ አጣሁ። ሰውየው ትክክል ነበሩ። ግሪንውድ በ34 ሰው የደከመበትን ድምፅ፣ ማንም ሳይነግራቸው በስሙ ጠሩት።

በማግስቱ አለቃዬ አስጠርቶኝ «የጅማ ሰው የሚያውቀውን ልቀቅ» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የጅማ ሰው ምን እንደሚያውቅ መቼ ጠይቆ ያውቃል? ያንን ሥራ ከኔም ከእሱም በላይ የሰማው ሰው ኮሪደሩ ላይ ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሥርጭት ወጥተን፣ ጋሼ ራሳቸው «እስቲ ያንን ነገር አምጣው» አሉኝ። ማዳመጫውን አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ መጨረሻው አልተናገሩም። ቀኝ እጃቸው ብቻ ጠረጴዛው ላይ፣ የሌለ ቁልፍ ይዞ ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው።