ያልተነገረው ይበልጣል፦ የጃፓን አርፒጂ ጌሞችን ለፍቅራቸው ስጫወት ያየሁት

የጃፓን አርፒጂ ጌሞችን፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ረጅም ታሪክ የሚጓዝባቸውን ጌሞች፣ ለውጊያቸው ወይም ለሙዚቃቸው የሚጫወት ብዙ ነው። እኔ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የምጫወታቸው ለፍቅራቸው ነው፤ ጌሙ ሁለት ሰዎችን እንዴት እንደሚያቀራርብ፣ የቱን ተናግሮ የቱን እንደሚተው እያየሁ ማስታወሻ እይዛለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታሪኮቹን ምስጢር ስለማነሳ፣ አስቀድሞ መስማት የማይወድ ጌሞቹን ጨርሶ ቢመለስ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት የ1986ቱን ድራገን ኩዌስት ጨረስኩ። ጌሙ በጠቅላላው 64 ኪሎባይት ነው፤ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጌሙ ደራሲ ዩጂ ሆሪ በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የሠራው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጀግናው ልዕልት ሎራን ዘንዶ ከሚጠብቀው ዋሻ ካወጣት በኋላ ታቅፏት ይጓዛል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ትንሽ ምስሉም ልዕልቲቱን እንደያዘ ይለወጣል። በቀጥታ ወደ አባቷ ቤተ መንግሥት ሊወስዳት ይችላል፤ የሚያስቸኩለው ግን የለም። መንገድ ላይ ከእንግዳ ማረፊያ ጎራ ብሎ ቢያድር ስክሪኑ ይጨልማል፣ አጭር ዜማ ይሰማል፣ ይነጋል። በጃፓንኛው ቅጂ የማረፊያው ባለቤት ከወትሮው የተለየ ነገር የሚናገረው ያን ጊዜ ነው፤ ሌሊቱ ሳያስደስታቸው እንዳልቀረ በትሕትና ጣል ያደርጋል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ምንም አልታየም። ባለቤቱም ያየው ነገር የለም፤ ገምቶ ነው የተናገረው፤ ተጫዋቹም እንደ እርሱ ይገምታል። ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጃፓን ውስጥ ከጌሙ ወጥታ የሰው ሁሉ አፍ ላይ ገባች፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ በ2019 የቴሌቪዥን ድራማ ርዕስ ለመሆን በቃች። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት አሽሙሮች ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። ሰሙ ለልጅ፣ ወርቁ ለአዋቂ ሆኖ የተቀመጠ ስለሆነ ማንንም አያሳፍርም፤ ማንንም አያስቀይምም።

ቀጥሎ የተጫወትኩት ድራገን ኩዌስት 5ን (1992) ነው፤ ከሁሉ የምወደውም እርሱን ነው። አንድን ሰው ከልጅነቱ እስከ አባትነቱ የሚከተል ጌም ነው። ቢያንካ በልጅነቱ አብራው መናፍስት የሰፈሩበትን ግንብ በሌሊት ያሰሰች ጓደኛው ናት። ኔራ ደግሞ የባለጸጋ ልጅ ናት፤ አባቷ ሊድራት የሚፈልገው የእሳትና የውኃ ቀለበቶችን ፈልጎ ላመጣ ሰው ነው። የውኃውን ቀለበት ለማግኘት በሚደረገው ጉዞ ጀግናውን የምታግዘው ማን መሰለቻችሁ? ቢያንካ። ሌላ ሴት የምትዳርበትን ቀለበት ፍለጋ አብራው ትሳፈራለች፣ አብራው ትዋጋለች፤ ስሜቷን በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ ቃል አይወጣትም። የልቧን የምትገልጥባት ኔራ ራሷ ናት፤ ቢያንካን አይታ ነገሩ ይገባታል። አባትየውም ጀግናው አስቦበት እንዲወስን አንድ ሌሊት ይሰጠዋል።

ያች ሌሊት ደግማ ደጋግማ ትመልሰኛለች። ሌላ ጌም ቢሆን ኖሮ አልጋ ላይ አስተኝቶን ወዲያው ያነጋው ነበር። ይህኛው ግን ተጫዋቹን ከአልጋው አስነስቶ በተኛው ከተማ መካከል ያስኬደዋል። የኔራ ቤት ሄዳችሁ ብታዩ ተኝታለች። ቢያንካ ወደ አረፈችበት ፎቅ ብትወጡ ግን ነቅታለች፤ ቆማ ውጭውን ትመለከታለች። ስታነጋግሯት ስለ እርሷ እንዳትጨነቁ፣ ብቻዋን መኖር እንደለመደች፣ ኔራን ብታገቡ እንደሚሻል ትነግራችኋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቆጠር ነጥብ የለም፤ ትክክለኛ መልስ የሚባልም የለም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጥያቄ ትጠየቃላችሁ፤ የመረጣችኋትም እስከ ጌሙ መጨረሻ ሚስታችሁ ናት። የሚወለዱት መንታ ልጆች የጸጉር ቀለም እንኳ በእናታቸው ነው የሚወጣው። በኋላ ጀግናው ድንጋይ ሆኖ 8 ዓመት ሲቆም፣ ፈልገው የሚያገኙት እነዚያ ልጆች ናቸው። በ2008 ለኒንቴንዶ ዲኤስ በታደሰው ቅጂ የኔራ እኅት ዴቦራ ሦስተኛ ምርጫ ሆና ገብታለች። እኔ ግን ክርክሩን የማየው አሁንም በሁለቱ መካከል ነው፤ ጃፓናውያን ተጫዋቾችም እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ፋይናል ፋንታሲ 7 (1997) በተቃራኒው ነጥብ ይቆጥራል፤ መቁጠሩን ግን ለማንም አይናገርም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ክላውድ ለአራት የጉዞ ጓደኞቹ ያለው ቅርበት በስውር ይመዘገባል፦ ኤሪስ ከ50 ትነሳለች፣ ቲፋ ከ30፣ ዩፊ ከ10፣ ባሬት ከዜሮ። ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከአበባ ሻጭ ልጅ አንድ አበባ በአንድ ጊል (የጌሙ ገንዘብ ነው) ትገዛላችሁ። ያን አበባ ለቲፋ ብትሰጡ የቲፋ ነጥብ ከፍ ይላል፤ ለትንሿ ማርሊን ብትሰጡ የአሳዳጊ አባቷ የባሬት ነጥብ ይጨምራል። ማንን ከቡድኑ ጋር ይዛችሁ እንደሄዳችሁ፣ ለማን ቀና መልስ እንደሰጣችሁ፣ ሁሉም ተደምሮ ይቆያል። ከብዙ ሰዓታት ጨዋታ በኋላ ጎልድ ሶሰር በተባለው መዝናኛ ቦታ ስታድሩ ከአራቱ አንዱ ክላውድን ሊያወጣው ይመጣል። ማን እንደሚመጣ ሳታውቁት ስትወስኑ ቆይታችኋል።

ኤሪስ ከመጣች፣ ርችቱ እየፈነዳ በጎንዶላ ሲንሳፈፉ ክላውድን እየፈለገችው እንደሆነ ትነግረዋለች። እርሱ አጠገቧ እንዳለ ሲመልስላት ማወቋን ታምናለች፤ ሆኖም ሊያገኛት የሚገባው ሌላው እርሱ እንደሆነ ታሳስበዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው እንደ ፍቅር ጨዋታ ይወስደዋል። የክላውድ ትዝታ ግማሹ የሌላ ሰው መሆኑ ሲገለጥ ግን ንግግሯ ሌላ ፍቺ ይይዛል፤ ያኔ ደግሞ እርሷ ተገድላለች። የቲፋው ቀጠሮ የዚህን ያህል አይወራለትም፤ እኔ ግን አብልጬ እወደዋለሁ። ኤሪስ ብትሆን ፊት ለፊት ትናገረው እንደነበር አንስታ፣ የራሷን ነገር ትጀምርና መልሳ ትውጠዋለች። ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው መውደድ ምን ያህል እንደሚከብድ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ጌም የለም። ይኸው ታሪክ እንደገና ተሠርቶ በ2024 በወጣው ሪበርዝ ቅርበቱ በግልጽ ምልክት ይታያል። ምስሉ እጅግ ያምራል፤ ምልክቱን ሳይ ግን ሰዉን ትቼ ምልክቱን መመልከት ጀመርኩ፤ ይህን አልወደድኩለትም።

የፐርሶና ጌሞችም ቅርበትን ከፍተው ያሳያሉ፤ ከ1 እስከ 10 ደረጃ አለው። ሆኖም ፐርሶና 4 (2008) በሌላ መንገድ ይክሰዋል፦ በጊዜ። ታሪኩ ኢናባ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አንድ የትምህርት ዓመት ይቆያል፤ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት ለአንድ ሰው ከሰጣችሁት ለሌላው አይቀርም። የክፍል ጓደኛችሁን ዩኪኮን ለማግኘት ስትሄዱ ሌላዋ የክፍል ጓደኛ ቺዬ ያን ቀን ትቀራለች። ዓመቱ ማለቁ፣ ባለታሪኩም ወደ ከተማው መመለሱ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጠሮ ዋጋ አለው። የመጨረሻው ቀን ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጓደኞቹ አብረው የሚሮጡበት ትዕይንት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ ተከታታይ የማልቀበላቸው ነገሮች አሉ። በፐርሶና 3ም በ4ም ወንዶቹና ሴቶቹ ፍል ውኃ መታጠቢያ ውስጥ የሚገጣጠሙበት ትዕይንት አለ፤ ለሳቅ የተጨመረ ነው። የማረፊያውን ባለቤት አስታውሳችሁ አነጻጽሩት፤ አንዱ የተጫዋቹን አእምሮ ያከብራል፣ ሌላው ገጸ ባሕርያቱን ያዋርዳል። በ2006 የወጣው ፐርሶና 3 ደግሞ ከሴት ልጅ ጋር እስከ መጨረሻው ከተቀራረባችሁ ፍቅር ሆኖ እንዲያልቅ ያደርገዋል። በ2024 የታደሰው ሪሎድ ጓደኝነትን እንደ ምርጫ ማስገባቱ ትልቅ መሻሻል ነው፤ በጓደኝነት የሚቆይ ሰው ካለ የሚፈቀረውም በእውነት የተመረጠ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ፐርሶና 5 (2016) ላይ ያለው ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በሙሉ ተማሪዎቹን የሚበድል መምህር የሚጋለጥበት ነው፤ ያው ጌም ቆይቶ የ2ኛ ደረጃ ተማሪው ከራሱ የክፍል ኃላፊ መምህርት ጋር እንዲፋቀር በር ይከፍታል። ጠንክሮ ያስተማረውን በራሱ እጅ ማፍረስ ነው።

ፋየር ኤምብለም አዌክኒንግን (2012) በአጭሩ ልለፈው። ወታደሮቹ በውጊያ ጎን ለጎን በቆሙ ቁጥር ይቀራረባሉ፣ ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውም ከወደፊቱ ዘመን መጥተው ይዋጋሉ። ሐሳቡ ውብ ነው። ችግሩ ልጁ የወላጆቹን ችሎታ ስለሚወርስ ተጫዋቹ ጥንዶቹን በሠንጠረዥ ማጋባት መጀመሩ ነው። በመካከላቸው የተጻፉት ንግግሮች ደግሞ አንዳንዶቹ እጅግ ለስላሳ ናቸው፤ ለሠንጠረዥ ሲባል ባይታለፉ ደስ ይለኛል።

ልትጀምሩ ለምታስቡ፦ ድራገን ኩዌስት 5ም ፋይናል ፋንታሲ 7ም በሞባይል ስልክ ስለሚገኙ መጫወቻ ኮንሶል የግድ አያስፈልጋችሁም። መመሪያ አታንብቡ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ልባችሁ እንደመራችሁ ጨርሱት። ከቀጠሮው ወይም ከጋብቻው ጥያቄ በፊት ጨዋታውን ለብቻው አስቀምጡና ሁለተኛውን መንገድ በኋላ እዩት። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ግን የመጀመሪያውን ያቀልባችኋል።

አሁን የያዝኩት የ2019ኙን ሳኩራ ዋርስ ነው። ተከታታዩ በ1996 በሴጋ ሳተርን የጀመረ ሲሆን ቀን የቴአትር ተዋናዮች፣ በአደጋ ጊዜ የከተማዋ ጠባቂዎች የሆኑ ሴቶችን ታሪክ ይዞ የሄደ ነው። እዚህ ቤት መልስ የሚመረጠው ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ ሰዓቱ ካለቀ ዝምታችሁ ራሱ መልስ ሆኖ ይወሰዳል፤ አንዳንዴም ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። እስካሁን ካየኋቸው አሠራሮች ለእውነተኛ ንግግር የቀረበብኝ ይህ ስለሆነ ቀስ ብዬ እየሄድኩበት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ስታር ኦሽን 2 ይመጣል፤ ከሁለቱ ባለታሪኮች በክሎድ ወይም በሬና መጀመር ይቻላል። በሬና ጀምሮ የጨረሰ ካለ ልዩነቱን ሳልጀምር ቢጽፍልኝ እወዳለሁ።