ፒችትሪን ወደ ክላውድ ስትወስዱ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

የብዙ መካከለኛ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ተመሳሳይ ነው። ጥግ ላይ አንድ ሰርቨር አለ፤ አጠገቡ ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ፤ ሰርቨሩ ላይ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፤ ባክአፑ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ፍላሽ ላይ። መብራት በጠፋ ቁጥር «ዳታው ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ስላለ አንድ ቀን «ወደ ክላውድ እናውጣው» ይባላል፤ በኢንተርኔት ወደሚገባበት የኪራይ ሰርቨር ማለት ነው። ውሳኔው ጥሩ ነው። የሚበላሸው አወጣጡ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የድርጅቱን የፒችትሪ ፎልደር እንዳለ ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ፒችትሪ አንድ ሽያጭ ሲመዘግብ በርካታ የዳታ ፋይሎችን ባንድ ላይ ይነካል፤ የደንበኛው ሒሳብ፣ የዕቃው ቆጠራና ጠቅላላ መዝገቡ አብረው ይቀየራሉ። ድራይቩ ግን ይህን አያውቅም፤ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ነው የሚልከው። ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ከተቆረጠ አንዱ ፋይል የዛሬ፣ ሌላው የትናንት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሰው ከሁለት ቦታ ከከፈተው ደግሞ አንዱ ፋይል ሁለት ቅጂ ይወጣለታል፣ የአንዱ ሰው ሥራም ይጠፋል። ድራይቭ ላይ መቀመጥ ያለበት ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ወጥቶ የተወሰደው የፒቲቢ ፋይል፣ ማለትም ፒችትሪ ራሱ የሚያወጣው ባክአፕ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዳታውን ክላውድ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ፕሮግራሙን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ መተው፣ መሃሉን በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር ማገናኘት ነው። ለምን እንደማይሠራ በቁጥር ይታያል። አንድ መስኮት ሲከፈት ፕሮግራሙ ዳታቤዙን 500 ጊዜ ይጠይቃል እንበል። በቢሮ ኔትወርክ አንዱ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ጠቅላላው ሩብ ሰከንድ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ ምልልሱ 150 ሚሊሰከንድ ከወሰደ ግን ያው 500 ጥያቄ 75 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ «ኢንተርኔቱን እናሳድገው» ይባላል። መስመሩ ቢሰፋም ርቀቱ አይቀንስምና ገንዘቡ ይባክናል።

ፕሮግራሙና ዳታው አይለያዩ፤ ሁለቱም ክላውድ ላይ ባለው የዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥ ይቀመጡ፣ ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ብቻ ይይ። ያኔ በመስመሩ የሚሄደው ምስልና የቁልፍ ምት ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። የክላውድ ትልቁ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ነው። ቢሮ መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ እዚያ ሰርቨር ላይ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፗን ከስልኳ ዳታ ጋር አገናኝታ ያቋረጠችው መስመር ላይ ተመልሳ ትገባለች።

ፈቃዱን ግን ከመጀመሪያው አስተካክሉ። ዊንዶውስ ሰርቨር ለአስተዳዳሪ ብቻ ተብለው የተተዉ ሁለት መግቢያዎች አሉት። ከዚያ በላይ ሰው እንዲገባ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ ይጫናል፤ ያለፈቃድ የሚሠራውም ለ120 ቀን ነው። አራት ወር ሁሉም ሰላም ሆኖ ይከርምና አንድ ጠዋት ማንም መግባት ያቅተዋል። የተጫነበትን ቀን ጻፉት፣ ፈቃዱን 120 ቀኑ ሳይሞላ ግዙ። የፒችትሪው እትምም በዚህ መንገድ መሥራትን የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን የኔትወርክ በር (ፖርት) ቁጥር 3389ን ለመላው ዓለም ክፍት አትተዉ። የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ሮቦቶች ቀን ከሌሊት የሚያስሱት እሱን ነው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶችም በብዛት የሚገቡት በዚሁ ነው። እንደ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን ያለ የቪፒኤን ፕሮግራም ከፊቱ አድርጉ፣ በሩ ለቪፒኤኑ ብቻ ይከፈት።

ሰዓት ሌላ ጣጣ ነው፤ ይኸኛው የኛው ነው። ክላውድ ሰርቨር ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድመዋለን፤ አቆጣጠራችን ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል። ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ፈልጎ 8 ብሎ የሞላ ሰው፣ ባክአፑ የሚነሳበት ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ ሙሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት። ፋይሎቹ ክፍት ስለሆኑ ባክአፑ ይወድቃል ወይም ጎዶሎ ይወጣል። ትክክለኛው 23 ነው፣ ያውም በዋዜማው ቀን። ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ የሚለውን የሰዓት ክልል ምረጡ፤ የክላውዱ የራሱ የባክአፕ መርሐ ግብር ግን በዩቲሲ ሊቀጥል ስለሚችል ለብቻው እዩት።

የፒችትሪ ዳታ ትንሽ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ስካን የተደረገ ደረሰኝና ውል ነው። 200 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት መላኪያ ያለማቋረጥ ቢሄድ ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዓርብ ማታ አስጀምሩት፣ ሲቆረጥ ካቆመበት የሚቀጥል መሣሪያም ተጠቀሙ። አርክሎን የሚባለው የፋይል መላኪያ ፕሮግራም ዳግም ሲነሳ ያለቁትን ፋይሎች ዘልሎ ይቀጥላል።

ወጪው የሚመጣው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ወርሃዊ ሒሳብ ከ5,700 ብር ወደ 11,000 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ምንም አልተጨመረም። ስለዚህ በማትጠቀሙበት ሰዓት ሰርቨሩን አጥፉት። ወር 730 ሰዓት ገደማ አለው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ቢሮ የሚፈልገው 260 ብቻ ነው። የማይክሮሶፍት ክላውድ በሆነው አዙር ላይ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ሻት ዳውን ማለት ቆጣሪውን አያቆመውም፤ ከአዙር ፖርታሉ ራሱ «ስቶፕ» ተብሎ ማሽኑ ሲለቀቅ ነው የሚቆመው። ዲስኩ ያኔም ያስከፍላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌን ሙሉ ሒሳብ ሲዘጋ ማሽኑን ማሳደግ፣ ነሐሴ ላይ መመለስ ይቻላል፤ ዳግም ማስነሳት ስለሚጠይቅ ማታ ይደረግ።

በብር መክፈል የሚሻ ድርጅት የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌክላውድ ጎን ለጎን ይመዝን። ምልልሱም አጭር ነው። የደመወዝ መዝገብ የሠራተኛ የግል መረጃ ስላለበት ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ባለሙያ ጋር ማየት ይገባል።

ባክአፑን ሰርቨሩ ራሱ ሊያጠፋው በማይችል ቦታ አስቀምጡት፤ የተለየ አካውንት፣ የተለየ የይለፍ ቃል፣ ለ30 ቀን የማይሰረዝ ተብሎ የተቆለፈ። ከዚያም በየሦስት ወሩ አንድ ፒቲቢ ፋይል አውርዳችሁ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሱት። የሙከራ ሚዛኑን አትሙ፣ በዚያው ቀን ከዋናው ከታተመው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የመጨረሻውን ድምር እስከ ሳንቲሙ አመሳክሩ። ከማውረድ እስከ ማተም የፈጀውን ደቂቃም ወረቀቱ ጫፍ ላይ ጻፉት፤ ሥራ አስኪያጁ «ሰርቨሩ ቢጠፋ በስንት ሰዓት ሥራ እንጀምራለን?» ሲል የምትሰጡት መልስ እሱ ነው።