አረቄ፣ ጫትና ሦስት ክሬዲት

ቅዳሜ ፈተና አለብኝ። ዲኤስኤስቲ ይባላል፤ መጀመሪያ ለአሜሪካ ወታደሮች የተዘጋጀ ሲሆን አሁን ከፍሎ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል መመላለስ ሳያስፈልግ በራስ አጥንቶ 400 ነጥብ ያመጣ ሰው ሦስት ክሬዲት ያገኛል፤ ኮሌጁ ከተቀበለለት ማለት ነው። ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ለምሠራ ለእኔ ዓይነቷ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ርእሱ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳት ነው።

አንዳንዱ ምዕራፍ ያለ ድካም ይገባል። እዚህ አሜሪካ አንድ መጠጥ ሲባል 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለው ነው፦ 355 ሚሊ ሊትር መደበኛ ቢራ፣ ወይም 44 ሚሊ ሊትር ባለ 40 ከመቶ መጠጥ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው አንዱን ያህል ብቻ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም። ዳግም አረቄ በመለኪያ በሚቀዳበት ቤት ግን ይህን ማን ያሰላዋል? የአንዷ ጠማቂ ከሌላዋ ይለያል፤ ስንት ከመቶ እንደሆነ የሚፈርደው የጠጪው ጉሮሮ ነው።

አልፌው መሄድ ያቃተኝ ስለ ማቆም የሚያወራው ገጽ ነው። ሄሮይን ያቆመ ሰው ክፉኛ ይሰቃያል እንጂ በአብዛኛው አይሞትም። ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ ኖሮ ድንገት ያቆመ ግን ሊሞት ይችላል። አልኮል አንጎልን ሲያደነዝዝ ስለሚኖር አንጎልም ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ራሱን ያነቃል። መጠጡ በአንድ ጊዜ ሲቀር ያ ንቃት ልጓም ያጣል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም የሌለ ነገር ማየት። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሁዳዴ ሲገባ አረቄ እርም ይሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እጃቸው መርፌ መያዝ ያቅተዋል፤ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ይታያቸዋል። ጎረቤቱ ሰይጣን ለክፏቸዋል ብሎ ጠበል ወሰዳቸው። ተመልሰው መጠጣት ሲጀምሩ እጃቸው ጸና፤ ያን ጊዜም «እሳቸው ያለ አረቄ አይሆንላቸውም» ተባለ። ሰውየውን የፈረደባቸው ያ አባባል ይመስለኛል።

ለእናቴ ደውዬ ይህን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ታዲያ ሐኪም ቤት ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሰጧቸው ነበር?» አለችኝ። የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ቫይታሚን ቢ1፣ የቅርብ ክትትል አልኳት። «ቫይታሚን!» አለችና በብስጭት ሳቀች። «ምነው ልጄ፣ እኛስ እንቁላል እንኳ በጾም ብለን ከለከልናቸው።»

ጠበሉን አልነቅፍም። እዚያ የሚሰነብት ሰው ከመጠጥ ርቆ፣ እንደ እሱ ከተቸገሩ ጋር ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት ማኅበርም የተመሠረተው ሰካራምን ሰካራም ይረዳዋል በሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የሐኪም ናቸው።

ጫት በመጽሐፌ ውስጥ ያገኘው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ቅር ብሎኛል። የ1970ው የአሜሪካ ሕግ ዕፆችን በአምስት መደብ ይከፍላል። በትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንደኛው መደብ ላይ ከሄሮይን ጋር ተቀምጧል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይለወጣል፣ ካቲን ደግሞ አራተኛው መደብ ላይ ከእንቅልፍ መድኃኒቶች ጎን ነው። በኮባ ጠቅልሎ ለገበያ የሚሽቀዳደም ነጋዴ ይህን ኬሚስትሪ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ እንኳ የሚወጣበት አይመስለኝም።

ነገ የሚቀረኝ አሜሪካ አልኮልን የከለከለችበት ዘመን ነው፤ ከ1920 እስከ 1933። ዓመቶቹን ይዣለሁ። የሚምታታብኝ የትኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደከለከለና የትኛው እንደፈቀደ ነበር፤ 18ኛው ከለከለ፣ 21ኛው ፈቀደ ብዬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።