ስምንት ዓመት ያሳደርኩት ስለት

ስለት ነበረብኝ። አንዱን ጥር 22 ከፈልኩ፣ ሁለተኛው ይሄው የምጽፈው ነው። «ልጄን አትርፍልኝ፣ አእምሮውንም ጠብቅልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግክልኝንም ላልሰማ አሰማለሁ» ብዬ ለቅዱስ ዑራኤል የተሳልኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህን የምጽፈው በ2017 ነው። ቁጠሩት እንግዲህ። ለምን እንደዘገየሁ ወደ ታች ታገኙታላችሁ፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄ ነው። ቀኔ ሆሳዕና ሰሞን ስለነበር እማዬ ገና ከገና ጀምራ የገንፎ እህሏን አዘጋጅታ «የፋሲካ ልጅ» ስትል ከረመች። የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ልወጣ ብዬ ጫማው እግሬ አልገባ አለ። አብጫለሁ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። እኔ ድካም ነው አልኩ። ባለቤቴ ግን እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ ግፊቴ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። «ከዚህ አትወጪም» ተባልኩ። ገና 29 ሳምንቴ ነው።

እዚያ ሁለት ዓይነት መርፌ ተወጋሁ። አንዱ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ነው፣ ለሕፃኑ ሳንባ ነው አሉኝ። ሌላኛው ማግኒዥየም የሚሉት ነው። የወሰዳችሁት ታውቁታላችሁ፣ ሰውነት ውስጥ እሳት የለቀቁ ነው የሚመስለው። «ልትገድሉኝ ነው እንዴ!» ብዬ ሲስተሯ ላይ ጮህኩባት። እሷም «እንዳያንቀጠቅጥሽ ነው የኔ እናት» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ያ የረገምኩት መርፌ ቀኑ ሳይደርስ የሚወለድን ልጅ አንጎልም እንደሚጠብቅ፣ እጅ እግርን ከሚያሽመደምደው የአንጎል ጉዳት እንደሚከላከል ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ገና «አእምሮውን ጠብቅልኝ» ብዬ አፌን ሳልከፍት ጥበቃው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ጥር 14 በኦፕራሲዮን ወጣ። 1180 ግራም። አንድ ኪሎ ስኳር አንሡና ትንሽ ጨምሩበት፣ እሱ ነው ልጄ። ድምፁ እንደ ልጅ ለቅሶ አልነበረም፣ ሲጢጥ አለና ዝም። ሳላየው ይዘውት ሮጡ። ለጥየቃ የመጡ አንድ ጎረቤታችን «የሰባት ወር ልጅ ይኖራል፣ የማይሆነው የስምንት ወሩ ነው፣ ደግሞም እንኳን ስምንት አልገባ» ብለው አጽናኑኝ። ይህቺን ነገር እስከ ዛሬ የሚያምን ሰው ስላለ ነው የማነሣት። ውሸት ነው። ማህፀን ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት ለልጁ ትርፍ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸሎቴ አንዲት ቃል ነበረች፣ «ይትረፍልኝ»። ሌላ አልጨመርኩም። በአራተኛው ቀን ግን ዶክተሩ በእርግብግቢቱ በኩል የጭንቅላቱን አልትራሳውንድ አነሣና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ልባችሁን ያዙ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል አለኝ። ቀናቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ልጆች የአንጎል ደም ሥራቸው ስስ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። «ከአራቱ ደረጃ ሁለተኛው ነው፣ እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ በደህና ያድጋሉ፣ ግን ክትትል ያስፈልገዋል» አለ። አእምሮው ይጎዳ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ዛሬ ላይ ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። ያኔ ጠላሁት። አሁን ሳስበው እውነቱን ነው የነገረኝ።

ነገሩን ከተረዳሁት በኋላ ፍርሃቴ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። የጽንስ አንጎል በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው ገስግሶ የሚያድገው፣ እጥፋቱ የሚወጣለት፣ ሽቦው የሚዘረጋለት። በ35 ሳምንት እንኳ ክብደቱ ቀኑን ጠብቆ ከተወለደው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የእኔው ደግሞ በ29 ወጥቶ ያንን ሁሉ ሥራ በጨለማና በሙቀት ፈንታ በመብራትና በማሽን ጩኸት መሃል ሊሠራው ነው።

ስግብግብ የሆንኩት ያኔ ነው። መትረፉ አልበቃኝም። እማዬ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ታሪክ ታወራልኛለች። ሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲያለቅስ እመቤታችን በቅዱስ ዑራኤል እጅ ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው፣ ከዚያ በኋላ ነው ያ ሁሉ ድርሰት የፈለቀው። «አንድ ጠብታ ብቻ ለምኚለት» አለችኝ። ለመንኩ። ጥላውንም፣ ምስክርነቱንም ያኔ ነው የተሳልኩት።

ጥር 22፣ ዘጠነኛ ቀኑ፣ የመልአኩ በዓል ነበር። ባለቤቴ ዑራኤል አድሮ ጠበል በሃይላንድ ይዞ መጣ። ቆብ ላይ ትንሽ ቀድቼ ልሰጠው ስል ሲስተር አየችኝ። እልል ያለ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጠጋ ብላ «ለእሱ በአፉ ከወተትሽ በቀር ምንም አይገባም። አንቺ ጠጪው፣ በወተትሽ ይደርሰዋል» አለችኝ። ጠጣሁ። ከዚያ በእጄ አልቤ ያወጣሁትን ወተት፣ እንደ እንገር ቢጫ ነው ገና፣ በሲሪንጅ ቀድታ በአፍንጫው ባለችው ቀጭን ቱቦ አወረደችለት። ወደ ላይ ይዛው በገዛ ክብደቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ጽዋዬ ያች ሲሪንጅ ናት። የእናት ወተት ለእነዚህ ልጆች አንጎል ከምንም የሚበልጥ ምግብ እንደሆነ የነገረችኝም እሷው ናት።

በዚያው ቀን «ዛሬ ካንጋሮ ትጀምሪያለሽ» አለችኝ። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ደረቴ ላይ በሆዱ ተኛ፣ በነጠላ ጠፍንገው አሰሩን። ጆሮው እንደ ሊጥ ነው። ቆዳዬ ላይ ታጥፎ ሲቀር ራሱ አይመለስም፣ ሲስተር በአንድ ጣቷ አቃናችለት። ኦክሲጅኑን የሚያሳየው ቁጥር 87 ላይ ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው። «አንቺ ካልተነፈስሽ እሱም አይተነፍስም» ብላ ሳቀችብኝ። ተነፈስኩ። 90፣ 92፣ 95። እዚያ ላይ ቆመ። ሁለታችንም እንቅልፍ ወሰደን፣ ከጥምቀት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ካንጋሮ የተጀመረው ኮሎምቢያ ነው፣ ቦጎታ ከተማ፣ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ማሞቂያ ማሽን ቢያንሰው እናቶቹን ማሞቂያ አደረጋቸው። ከድህነት የወጣ ዘዴ ነው ዛሬ ሀብታሞቹም የሚጠቀሙበት። በእኛ ጊዜ «መጀመሪያ ይረጋጋ» ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ከተወለደ ጀምሮ ወዲያው፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፍ ይላል። የምታረግዙ እህቶቼ ይህቺን ያዙልኝ። ባልም ማቀፍ ይችላል። የእኔው ደረቱ ጸጉራም ነውና «ልጄ በግ ላይ የተኛ ይመስለዋል» ይል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው አልትራሳውንድ ተነሣ። ደሙ አልጨመረም፣ እንዲያውም እየጠፋ ነው፣ ፈሳሽም አልተጠራቀመም። ዶክተሩ «ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጠጣል» አለ። እሺ፣ ይመጠጣል። ማን እንደመጠጠው ግን እኔ አውቃለሁ።

የካቲት 23፣ አርባ ቀኑ ነው፣ የአድዋ ለት ወጣን። 1800 ግራም። በታክሲው መስኮት ባንዲራ የለበሱ ልጆች እየጨፈሩ አየሁና እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ሾፌሩ ግራ ገባው።

ምስክርነቴን እዚህ ላይ ብጨርሰው እልል ትሉ ነበር፣ እኔም ጥላዬን ያኔውኑ ባስገባሁ። አላስገባሁም። «አእምሮውን» ብዬ ነበራ የተሳልኩት፣ እስኪታወቅ ልጠብቅ አልኩ።

ጥበቃው እኔኑ አመመኝ። ጎረቤታችን የእኔ ልጅ በተወለደ ሳምንት ወንድ ወልዳ ነበር። የእሷ ሲገለበጥ የእኔ ተኝቶ ያያል። የእሷ ሲቀመጥ የእኔ እንደ ትራስ ይወድቃል። ለሊት ለሊት በስልኬ ባትሪ ዓይኑ ብርሃኑን ይከተል እንደሆነ እፈትነው ነበር፣ ምስኪን። ክትትል የምታደርግለት ሲስተር ወረቀት አወጣችና «ከዕድሜው 11 ሳምንት ቀንሺለት። እስከ ሁለት ዓመቱ የሚለካው መወለድ በነበረበት ቀን ነው» አለችኝ። ቀነስኩ። ዘጠኝ ወር የሞላው ልጄ ለካ ስድስት ወር ተኩል ነው! በዚያ ሲሰላ አልዘገየም። ለስንት ወር በማይገባው ሚዛን ስመዝነው ኖሬያለሁ። በ16 ወሩ ሄደ፣ ቃላት ትንሽ ቆየበት፣ ጆሮውንም ዓይኑንም አስመረመርን፣ ደህና።

ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ነገር መጣ። ፊደሉን ቶሎ ለየ፣ ተረት ነግረኸው አይጠግብም። ግን «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ናና ብላ» ስለው ጫማውን ያወልቅና ቆሞ ያየኛል። ሁለተኛው ጠፍቷል። ቁጥር ላይማ አታንሱት። አንድ መምህር ስብሰባ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እየሰማ፣ «ልጅሽ ሰነፍ ነው፣ ቤት አቀብጣችሁታል» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ስም አልጠራም፣ ለእሱም ጸልዩለት።

የልጆች እድገት የሚያይ ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። ሁለት ቀን ሙሉ በጨዋታ መሰል ፈተና አየችው። የተናገረችውን እንዳስታወስኩት ልንገራችሁ። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱ ልጆች የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ በአማካይ፣ ቀናቸውን ጠብቀው ከተወለዱት ከ10 ነጥብ በላይ ዝቅ ይላሉ፣ ግን አማካይ ነው፣ እኩል የሚሆኑም የሚበልጡም ሞልተዋል። ብዙ ጊዜ የሚቸግራቸው ነገሮችን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ ማቆየት፣ ትኩረትና ሂሳብ ነው። ሰነፍ አይደለም። የሰማውን ሦስት ትእዛዝ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ጠባብ ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወድቃል። «አንድ አንድ አድርጋችሁ ስጡት። ሂሳቡን በሚነካ ነገር አስተምሩት። ቤት ውስጥ ብዙ አውሩት፣ አንብቡለት፣ ይህ ለውጥ ያመጣል» አለችን።

በሽምብራ ጀመርን። እማዬ ሰፌድ ዘርግታ «አምስት አንሣልኝ፣ ሁለት መልስልኝ» እያለች፣ እሱም ከመለሰው አንዱን እየበላ። የዘንድሮ መምህርቱ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ከፊት አስቀመጠችው፣ ትእዛዙንም ከፋፍላ ነው የምትሰጠው። ደረጃ አይወጣም። ሂሳብ አሁንም በጣቱ ነው።

እና ጥላው? እማዬ በየዓመቱ ጥር ሲብት ትጠይቀኛለች። አምና ሰልችታኝ «እስቲ ካርዱን ልየው፣ አንደኛ ይውጣልኝና» አልኳት። የያዘችውን እንዝርት አስቀመጠችና አየችኝ። «አንቺ መልአኩን ነው እንዴ የምትፈትኚው?» አለችኝ። «የለመንሽው አእምሮ ነው፣ ደረጃ ነው?» ከዚያ ሽምብራ እየቆረጠመ ወደሚስቀው ልጄ በአገጯ አመለከተችኝ። በእኔ ቤት ስእለቴ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነበር፣ ለካ በልቶ ጠጥቶ ቤቱን እየረበሸ ነው። አፍሬ መልስ አጣሁ።

ዘንድሮ ጥር 22 ዑራኤል ሄድን። ጥላዋን እሱ ነው የተሸከማት፣ ከቁመቱ ትበልጣለች፣ ሰው እየገጨች አስቸገረችን። እልልታው ሲቀልጥ ደነገጠና ቀሚሴን ያዘ። አስገብተን ስንወጣ አንድ መቶ ብር ሰጠሁትና ሳላስበው እንደ ጤነኛ ሰው ደርድሬ ነገርኩት፣ «ከበሩ ሦስት ጧፍ ግዛ፣ አንዱን ለእማዬ ስጣት፣ ሁለቱን ይዘህልኝ ና።» ሄደ። ያኔ ነው ሦስት ነገር እንዳልኩት ትዝ ያለኝ። ልከተለው ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ።

በሰው መሃል ራሱ ብቻ ብቅ ጥልቅ ሲል አየዋለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ለራሱ እየደገመው ነው። ገዛ። እማዬ ዘንድ ሄዶ አንዱን ሰጣት፣ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ሁለቱን በሁለት እጁ ወደ ላይ ይዞ እየሮጠ መጣና እጄ ላይ አኖረልኝ። እኔ መናገር አቅቶኛል። ባለቤቴ ነው የጠየቀው።

«ጎበዝ! መልሱስ?»

ልጄ ግንባሩን በጥፊ አለና ተመልሶ ወደ በሩ ሮጠ።