አብሾ፦ ቃሉም ዘሩም

አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ የሚደባደብ ሰው ሲያዩ «ተወው፣ አብሾ አለበት» ይላሉ፤ ድሮ የጠጣውን አብሾ አረቄው ቀሰቀሰበት ማለታቸው ነው። አብሾ የቆሎ ተማሪዎች ቅኔውንና ዜማውን በቃል ለመያዝ፣ «አእምሮ ይከፍታል» ብለው የሚጠጡት መድኃኒት ነው። ዋናው ነገር የእጸ ፋርስ ዘር ነው። ይኸው ተክል አስተናግርም ይባላል።

ተክሉ በአጥር ሥር፣ በቆሻሻ መጣያና በመንገድ ዳር ይበቅላል። አበባው እንደ ጡሩንባ ረዘም ያለ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው። እሾሃማው ፍሬ ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰሉ ጠቆር ያሉ ዘሮች ይታያሉ።

በዘሩ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች አሉ። ሁለቱም ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን ንጥረ ነገር፣ የአሴቲልኮሊንን ሥራ ያግዳሉ፤ አንጎል አዲስ ነገር ለመያዝ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው ለጊዜው እንዲረሳ ሲፈልጉ የሚሰጡት ስኮፖላሚንን ነው! ጠጥቶ ቀለም የገባው ተማሪ ካለ፣ የገባው በትጋቱ ነው ባይ ነኝ።

«መጠኑን ላወቀ አይጎዳም» ይባላል። አይሆንም። የመርዙ ብዛት ከተክል ተክል፣ እንደ ፍሬው ብስለትም ይለያያል፤ ትናንት ምንም ያላደረገ የዘር ቁጥር ዛሬ ሊገድል ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሽንት እምቢ ይላል። ገላው እንደ እሳት ይግላል፣ ላብ ግን ጠብ አይልም። ከዚያ መቃዠት ይመጣል፦ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ከጋቢው ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። «አስተናግር» የሚለው ስም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ቅዠቱ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም በግድ አታስመልሱት፣ አረቄም አትስጡት። ልብሱን አቅልሉለት፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት፤ የተረፈውን ዘር ይዛችሁ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። «አስተናግር ጠጥቷል» ብላችሁም ንገሯቸው፤ ካልተነገረ እንደ እብደት ሊቆጠር ይችላል። አብዷል ብሎ ማሰር ደግሞ ሙቀቱን ያብስበታል።

ከዓመታት በኋላ አረቄ ይቀሰቅሰዋል የሚባለውስ? መርዙ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። በጠጣ ቁጥር የሚደባደበው ሰው የሚያስፈልገው የመጠጥ ወይም የአእምሮ ሕክምና ሊሆን ይችላል፤ «አብሾ አለበት» ተብሎ ሲተው ግን ወደ ሐኪም የሚወስደው አያገኝም።