የወይራ ጭስ ቅሉ ውስጥ እስኪቀር

የቤት ሽታዎችን በመመለስ ልምምድ ዘንድሮ አንድ ደረጃ ወደፊት ሄጃለሁ። ቡናው፣ ድፎ ዳቦውና ንጥር ቅቤው ቀደም ብለው ተስተካክለዋል። ብዙ ያስቸገረው የታጠነ ቅል እርጎም አሁን እንደ ድሮው መሽተት ጀምሯል። ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ሽታ ከበረት፣ ከማለዳ ጭስና ከአያት ጓዳ ተለይቶ አይታወስም። በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ የሚጠቅመውን ላካፍል፤ ቀላል ቀላሉን በአጭሩ አልፌ ቅሉ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ግን ሽታ ትዝታን ለምን እንዲህ እንደሚቀሰቅስ። ያየነውና የሰማነው ነገር ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ታላመስ በሚባለው ክፍል አልፎ ነው። የሽታ ነርቭ ግን ከአፍንጫ ጣሪያ ተነስቶ፣ እዚያ ሳያልፍ፣ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት አሚግዳላና ሂፖካምፐስ በአቋራጭ ይገባል። ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ አፍንጫ ሽታን የሚለይበትን መንገድ በማሳየታቸው በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሰው አፍንጫ የሚሠሩ 400 ያህል የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት፤ አንድ ሽታ የሚታወቀው ብዙዎቹ አብረው ሲነኩ ነው። ስለዚህ የድሮው እርጎ የሚመለሰው ጭሱ፣ ቅሉና የወተቱ ኮምጣጣነት አንድ ላይ ሲገኙ ነው። አንዱ ከጎደለ እርጎው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ትዝታው ግን አይመጣም።

ቡና፦ መካከለኛ እሳት ላይ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይቆላ፣ ወዝ ማውጣት ሲጀምር ከምጣዱ ይውረድ። ምጣዱ ላይ ከቆየ ከእሳት ቢወጣም መጥቆሩን ይቀጥላል። ድፎ ዳቦ፦ የኮባ ቅጠሉን መካከለኛውን ጅማት በቢላ ላጥ አድርጉና እሳት ላይ አሳልፉት፤ ሲለሰልስ አይቀደድም፣ ሽታውም ያን ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የሚያስነሳው የአፈር ሽታ ደግሞ ጂኦስሚን ከሚባል፣ የአፈር ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ነገር የሚመጣ ነው። እሱን ቤት ውስጥ ለመሥራት መድከም አያስፈልግም፤ ሰኔ ሲገባ በሩን መክፈት ነው።

አሁን ወደ ቅሉ።

አዲስ ቅል መራራ ነው። መራራነቱ የዱባ ዘመዶች ሁሉ ከሚጋሩት ኩከርቢታሲን ስለሚመጣ ቅሉን በማጠን አይሸፈንም፤ መውጣት አለበት። ዘሩንና ድሩን ካወጣችሁ በኋላ ውሃ ሙሉበት፣ ጠዋትና ማታ ቀይሩለት። የተደፋውን ውሃ በጣት ነክታችሁ ቅመሱት፤ ምላስ ላይ ምንም ሳይተው ሲቀር በቅቷል። ከዚያ በፊት ወተት የነካው ቅል ወተቱንም ያበላሻል፣ ራሱም ይበላሻል።

እጥበቱ፦ ለብ ያለ ውሃና አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ከትታችሁ ክዳኑን ይዛችሁ አጥብቃችሁ ናጡት። የድሮ ወተት ቅሪት የሚቀመጠው አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ጥግ ስለሆነ ቅሉን አጋድሙትና እያሽከረከራችሁ ናጡ። ሳሙና አይግባ፤ ቅሉ ይጠጣውና ወር ሙሉ ይሸታል። ከዚያ አፉን ደፍታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በደንብ መድረቅ ያለበት ምክንያት አለው፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጭስ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል፣ እሱ ነው እርጎውን ጉሮሮ የሚቧጥጥ የሚያደርገው። እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት፤ ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው።

እንጨቱ የደረቀ ወይራ ይሁን፣ ከቅርፊቱ የተላጠ። ጥሩው ውስጠኛው ቡናማ ክፍል ነው። የጣት ውፍረት፣ የስንዝር ርዝመት አድርጋችሁ ሰንጥቁት። ለአምስት ሊትር ቅል ሦስት ወይም አራት ስንጥር ይበቃል። እርጥብ እንጨት እንፋሎት እንጂ ጭስ አይሰጥም። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ዘይቱ ወተቱን እንደ ጉንፋን መድኃኒት ያደርገዋል። ክትክታ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጭሱ ሹል ነው፣ ወይራ ከተገኘ ወይራ ይሻላል።

ስንጥሮቹን ጫፋቸው ነድዶ ፍም እስኪሆን እሳት ውስጥ አቆዩ፣ ከዚያ ነበልባሉን እፍ ብላችሁ አጥፉት። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ነበልባል ይዞ የገባ እንጨት ጥላሸት ይተፋል፤ ሽታው የተቃጠለ ቤት ሽታ ነው። ፍሙ ደካማ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣና ዓይን ያቃጥላል፣ ወተቱም ውስጥ ይመራል። የሚፈለገው ቀጭን፣ ሰማያዊ የሚመስል ጭስ ነው። እንጨት ሳይነድ ቀስ ብሎ ሲጨስ፣ ጠንካራ የሚያደርገው ሊግኒን ይፈርስና ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ነገሮችን ይሰጣል። የምናውቀው የጭስ ሽታ በአብዛኛው ከእነሱ ነው፤ ባክቴሪያንም ያዳክማሉ።

ፍም የያዘውን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ስንጥሮቹን ክተቱ፣ አፉን ክደኑ፣ ቅሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ አገላብጡት። ፍሙ ተሰባብሮ ግድግዳውን ሁሉ ይነካ እንጂ አንድ ቦታ አይቀመጥ፤ ካረፈ ቅሉን ይበሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ፍሙን ገልብጣችሁ አውጡ፣ አዲስ ስንጥር ይዛችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። ከሰሉን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ በውሃ ካለቀለቃችሁት የደከማችሁበት ሁሉ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ደጅ ሥሩት፤ ዝግ ጓዳ ውስጥ ፍም መጎተት ራስ ያዞራል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል።

ሽታውን ወዲያው አትመዝኑት። ለደቂቃዎች ጭስ ላይ የቆመ አፍንጫ ለምዶታል፤ «አልያዘም» ብሎ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ማጠን የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅሉን ከድናችሁ ለግማሽ ሰዓት ከቤት ውጡ፣ ተመልሳችሁ ክዳኑን አንስታችሁ አሽትቱ። ወይም ከውጭ የሚገባ ሰው ያሽትትላችሁ።

ወተቱን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ይፈላ። ጥሬ ወተት የበሽታ መንገድ ነው፣ ሽታውም በመፍላቱ አይጠፋም። ፈልቶ ለብ ሲል በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምሩበትና ወደ ቅሉ አፍስሱት። ጭሱ ባክቴሪያውን ስለሚያዘገየው ከተለመደው ቀን አልፎ ቢቆይ አትደንግጡ። ከሚገባው በላይ የታጠነ ቅል ውስጥ ጭራሽ አልረጋ የሚልም አለ፤ ያን ጊዜ እርሾውን መጨመር እንጂ ቅሉን ማጠብ መፍትሔ አይደለም፤ ቀጣዩን ዙር አንድ ስንጥር ቀንሱ።

ገና ያልተፈታው የፕላስቲክ ጉዳይ ነው። ከተማ ያለ ሰው ቅል አያገኝም፤ ጀሪካን ደግሞ ፍም አይችልም፣ ግድግዳውም ጭስ አይጠጣም። የታጠነ ወተት ወደ ጀሪካን ገልብጦ መያዝን ሞክሬያለሁ፤ በማግስቱ ሽታው በግማሽ ይወርዳል። የሸክላ ማሰሮ ይሻላል፤ በግድግዳው ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጭስ ይይዛል። አጣጠኑ እንደ ጠላ ጋን ነው፦ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሚጨስ ወይራ ላይ ይደፋል፤ ታቹ ለእጅ ሲሞቅ ይነሳል።

ስለ ቅቤ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎች ቅመሙን ሁሉ አንድ ላይ ይከታሉ፣ እኔ አልስማማም። አብሽና እርድ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ቅቤው ቀልጦ አረፋው ሲገፈፍ ይግቡ። ኮሰረትና በሶብላ ግን ሽታቸው ሊናሎል ከሚባል ቶሎ ከሚተን ዘይት ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይግቡና ተከድነው ይቆዩ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ አንድ እፍኝ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ። ኮረሪማውን በዱቄት አትግዙ፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ብቻ ነው ሽታ የሚይዘው።

ቤት ውስጥ ሰንደል የሚያጨሱ ካሉ በልምምዱ ቀን ይተዉት። ሰንደል ሁሉንም ሸፍኖ ሰንደል ብቻ ያደርገዋል።

የወይራው ነገር ያሳስበኛል። በብዙ ቀበሌ ትልልቅ ወይራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ አይነካም። ግቢ ያላችሁ ትከሉ። የበሰለውን ጥቁር ፍሬ ሥጋውን አሽታችሁ አውጡና አጥንቱን እጠቡ። አጥንቱ እንዲሁ ከተዘራ ለብዙ ወራት ላይበቅል ይችላል፤ ሹል ጫፉን በጉጠት ሰበር አድርጉ፣ ውስጡ ያለው ዘር እንዳይጎዳ ተጠንቅቃችሁ። አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጣት አንጓ በማይሞላ ጥልቀት ዝሩት፣ አፈሩ እንዳይደርቅ በጥላ ያዙት። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ለማጠኛ ግን ግንድ አያስፈልግም፣ ሲገረዝ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ደርቆ ይበቃል።