ተስፋ ቆርጧል

ጅማ፣ ነሐሴ 14

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ፣ አጥራችን ላይ የተጋደመውን የአቮካዶ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው መገኘት አለመገኘቱን ጠዋት ጠይቃኝ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ «ተስፋ ቆርጧል» ብዬ በስልክ ጻፍኩላት። ወዲያው ደንግጣ ደወለች። የጎረቤታችን ልጅ ተስፋ መጥረቢያውን እንደያዘ ገና ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር፤ እሷ ግን የጠዋቱን ጥያቄዋን ረስታ፣ ከቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠው ማን እንደሆነ ነበር የምትጠይቀኝ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ስምን የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም።

ስቀን ስናበቃ ደብተሬን አወጣሁ። የራሴን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ሰዋስው መጻፍ ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው (ለቋንቋው ለራሱ እስካሁን ስም አላወጣሁለትም)። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስም ሁሉ በራብዕ፣ ግስ ሁሉ በሣልስ ያልቃል። በዚህ ደንብ ተስፋ ያለ ችግር ስም ሲሆን፣ በኦሮምኛ ያው ተስፋ ማለት የሆነው አብዲ ግን ግስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጅማ ተቀምጦ አብዲ የሚባል ሰው የማይጠራበት ቋንቋ መሥራት ያስተዛዝባል።

መጀመሪያ የሞከርኩት፣ ዛመንሆፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ባሳተመው ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ በኤስፔራንቶ፣ የተለመደውን መንገድ ነበር። እዚያ ስም በኦ ስለሚያልቅ ለንደን «ሎንዶኖ»፣ ተሳቢ ሲሆን ደግሞ «ሎንዶኖን» ይባላል፤ ይህች መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ን» ከእኛዋ «ከበደን አየሁት» ጋር መግጠሟ ገና ስማረው ጀምሮ ደስ ይለኛል። እኔም በዚያው መንገድ አብዲን ወደ ራብዕ ባዞረው «አብዳ» ሆነ። ይህን በአማርኛ የሚሰማ ሰው ሁሉ «ማን ናት ያበደችው?» ማለቱ ስለማይቀር፣ ገጹን ሰረዝኩት።

ሎጅባን የሚባለው በሎጂክ ላይ የተመሠረተው ቋንቋ ደግሞ ከስም በፊት «ላ» የምትል ቃል ያስቀድማል። ከውጭ የመጣ ስም በተነባቢ እንዲያልቅ ስለሚያስገድድ፣ ከበደ መጨረሻው ላይ «ስ» ወይም ሌላ ተነባቢ ይለጠፍበታል፤ ማጥበቅም ስለማይፈቅድ የጅማ «ማ» እዚያ ሲደርስ ይላላል። መለጠፉን አልወደድኩትም፣ «ላ»ን ግን ወደድኳት።

ለነገሩ እንዲህ ያለውን ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን እዚሁ ኮረብታው ላይ ነው። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፣ ጅፋር የተባለው ፈረስ ባለቤት እንደማለት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ታጠቅ ትእዛዝ ነው፣ ዳኘውም አድራጊና ተደራጊ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሆኖም «አባ» ከቀደማቸው በኋላ እንደ ግስ የሚሰማቸው የለም፣ ስሙም አንዲት ፊደል አልተነካበትም። ይህን ያህል ዓመት አፌ ላይ ሆኖ ልብ ያላልኩት ነገር ነው።

ስለዚህ «ሶ» የምትል ቃል ከስም በፊት አስገባሁ፤ ማንኛውም ምልክት የሚለጠፈው በእሷ ላይ እንጂ በስሙ ላይ አይደለም። ባለቤት ሲሆን «ሶ አብዲ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ሶን አብዲ»። ያዘገየኝ የአባት ስም ነበር። የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ሳይሆን የሌላ ሰው የራሱ ስም ነውና፣ «ተስፋ አብዲ» ስንል ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዲት «ሶ» ለሁለት ሰው አትበቃም። ለአባትየው «ሶል» የምትል የአገናዛቢ መልክ አበጅቼ «ሶ ተስፋ ሶል አብዲ» ብዬ ጻፍኩ። ረዘመ፤ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል።

አባ ጅፋርን ልጽፍ ስል እንደገና ቆምኩ። «አባ»ን በ«ሶ» ልተካው ወይስ ከስሙ ጋር ልተወው? «ሶ ጅፋር» ካልኩ የምጠራው ፈረሱን ይሆናል። «ሶ አባ ጅፋር» ብዬ በእርሳስ ጽፌ ተውኩት፤ የተቆረጠውም ቅርንጫፍ በመጨረሻ ከአጥሩ ላይ ወደቀ መሰለኝ፣ ተስፋ ከውጭ እየጠራኝ ነው።